ዲጂታል የመስክ ካርታ ሥራ በሥነ ምህዳር ጥናት

ዲጂታል የመስክ ካርታ ሥራ በሥነ ምህዳር ጥናት ዕፅዋትና እንስሳት የሚገኙበትን ቦታ በጂፒኤስ፣ በስማርት ስልክና በሳተላይት ምስል መዝግቦ በኮምፒዩተር ካርታ ላይ የማስፈር ዘዴ ነው። ዋና ጥቅሙ አንድ ተመራማሪ ዛሬ የለካውን ዛፍ ሌላ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላ እዚያው አግኝቶ ለውጡን ማወቅ እንዲችል ማድረጉ ነው።

መሣሪያዎች

ጂፒኤስ፦ እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ተራ መሣሪያ በገላጣ ቦታ ላይ የሚሳሳተው በጥቂት ሜትሮች ነው። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ቅጠልና ግንድ ምልክቱን ስለሚያዳክሙት ስህተቱ ይጨምራል።

የመመዝገቢያ ቅጽ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ መረጃ ይሰበስባል። የዝርያው ስም ከዝርዝር ስለሚመረጥ፣ ለምሳሌ የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ «ጽድ» ተብለው በአንድነት አይመዘገቡም።

የካርታ ሶፍትዌር፦ ኪውጂአይኤስ በ2002 እ.ኤ.አ. በጋሪ ሸርማን የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ የመስክ ነጥቦችን ከሳተላይት ምስል ጋር ያደራርባል።

የመነሻ ሥርዓት ልዩነት

የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ብቻውን ቦታን በትክክል አይወስንም፤ ቁጥሩ የተለካበት የመነሻ ሥርዓት (ዴተም) አብሮ መታወቅ አለበት። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩጂኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች ግን አዲንዳን በተባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። ስሙ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ መነሻ ቦታ የመጣ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች ለምድር ቅርጽ የሚወስዱት ልኬት የተለያየ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለቱ የሚያመለክታቸው ነጥቦች ከ100 ሜትር በላይ ይራራቃሉ።

ይህ ልዩነት ለትናንሽ ደኖች ጥናት ከባድ ችግር ነው። በደቡብ ጎንደር ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእርሻና በግጦሽ መሬት የተከበቡ ጥቂት ሄክታሮች ናቸው። ክብ የሆነ የ5 ሄክታር ደን ከመሐሉ እስከ ዳሩ 126 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ከተምታታ በደኑ ውስጥ የተለካ ወይራ በካርታው ላይ ማሳ መሐል ሊወድቅ ይችላል። ካርታውን ብቻ የሚያይ ሰውም ዛፉ እንደተቆረጠ ወይም ደኑ እንደተመነጠረ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል።

ስህተቱን መከላከል

በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የመነሻ ሥርዓቱ፣ ቀኑና መሣሪያው ያሳየው የስህተት መጠን ይጻፋሉ። በሶፍትዌር ውስጥ ሥርዓቶቹ በኮድ ይለያሉ፤ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን የአዲንዳን ኮድ 20137፣ የደብልዩጂኤስ 84 ደግሞ 32637 ነው። ትክክለኛው ኮድ ከተመረጠ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ራሱ ይለውጣል። ወደ መስክ ከመሄድ በፊት እንደ ድልድይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ያለ የታወቀ ቦታ ለክቶ ከካርታው ጋር ማስተያየት ስህተቱን አስቀድሞ ያጋልጣል።