ወረራው መቼ ይብቃ?

የሀገራችን ሰንጠረዥ የቼዝ ዘመድ ነው፤ አጀማመሩ ግን የቼዝ ተጫዋችን ግራ ያጋባል። ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ቅዳጅ ይለያሉ እንጂ ነጭና ጥቁር አይፈራረቁበትም። በላዩ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዙ እንደ ቼዟ ንግሥት ሜዳውን አይጠርግም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊሉ በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ከሁሉም የሚገርመው ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው። ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተለ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ባላጋራ ፈረሱን ሲያወጣ ይኸኛው ደሩን ያስጠጋል፤ ያ አይቶ አሰላለፉን እንደገና ያፈርሳል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ነው ይህ ሁሉ፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው።

የጨዋታው ብልሃት ስለዚህ አሰላለፉ ላይ ሳይሆን ቀድሞ የመብላቱን ጊዜ መምረጡ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሊሚት ፖከር የሚጫወቱ ይህን የመቼነት ጥያቄ ያውቁታል፤ በዚያ ጨዋታ የሚጨመረው ገንዘብ መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ፣ ጥሩ ካርታ ይዞ ዝም ያለ ሰው ያለፈውን ዙር ኋላ በአንድ ትልቅ ውርርድ አያካክሰውም። በፖከር ካርታው ይደበቃል፣ ዝምታም ወጥመድ ሊሆን ይችላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሰንጠረዥ ግን የሚደበቅ ነገር የለም፣ የዘገየ ጉልበቱን ሳይሆን ጊዜውን ነው ለባላጋራው የሚሰጠው። የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቀድሞ የበላ ተራውን ያስረክባል፣ ሳይዘጋጅ ከቸኮለ መልሶ ይበላበታል። እኔም ቶሎ ብሉ አልልም። መለኪያው አንድ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ከእኔ ይልቅ ለእሱ የሚጠቅም ከሆነ ወረራው በቅቷል።

ጦርነት ጨዋታ አይደለም፤ ቢሆንም የደሴ ሰው ለዚህ መለኪያ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በመስከረም ሲሻሩ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከደሴ ጦር አንቀሳቀሱ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል ነሡ፤ ልዑልሰገድም ወደቁ። ያን ጊዜ ጊዜው የሚካኤል ነበር። እንደሚተረከው ግን ከሸዋ ወገን የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በማግባቢያ ደብዳቤ አዘገዩአቸው፤ የሸዋ ጦርም በዚያው መካከል ተሰባሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሲገጥሙ ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ። የቶራ መስክ ድል ያስገኘላቸውን ብልጫ ቀኖቹ በልተውት ነበር።