ቲም ቢልዲንግ፦ ከሽርሽሩ በኋላ ሰኞ ጠዋት ምን ይለወጣል?



ዛሬ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ሥራ ባልደረቦቻችን ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እዚህ ቡታጅራ ተመላላሽ ክፍል ስሠራ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ እንቅልፍ ማጣት ብለው የሚመጡ ሠራተኞችን አያለሁ። አንዳንዶቹ ምርመራቸው ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ጨዋታው ሲረዝም ችግሩ ሥራ ቦታ ሆኖ ይገኛል። «ቢሮ ስገባ ልቤ ይመታል»፣ «ብሳሳት የሚያግዘኝ የለም» ይላሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት ይባክናሉ።

መሥሪያ ቤቶች ይህንን ለማስተካከል የለመዱት ነገር አለ፦ ቲም ቢልዲንግ። መኪና ኮንትራት ይያዛል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ከዚያ ወይ ጢያ ትክል ድንጋዮች፣ ወይ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ፣ በጀት ካለ ደግሞ ሐዋሳ። ገመድ ጉተታ፣ ኳስ፣ ክትፎ፣ ፎቶ! ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ሰው ከቢሮ ወጥቶ ሲሳሳቅ መቀራረቡ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራውን የሚደባብቀው እንደደባበቀ ነው፤ ጀማሪዋ ሠራተኛም ስብሰባ ላይ ዝም እንዳለች ነው። ለምን? ገመድ መጎተቱ ችግር ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ስህተት ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር አላስተማረንማ!

ታዲያ ምን ይሻላል? ከእኛ ሙያ ልንገራችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥቦች ያሉት የደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። ከነጥቦቹ አንዱ፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር ይላል። ዝርዝሩ ታንዛኒያን ጨምሮ በ8 አገሮች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ተሞከረና ውጤቱ በ2009 ታተመ፦ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ከባድ የጤና መወሳሰብ ከ11 በመቶ ወደ 7 ወረደ። በእርግጥ ለውጡ በመተዋወቅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠትና ጎዝ መቁጠርም አሉበት። ግን ልብ በሉ፤ መተዋወቁ የተደረገው ሐይቅ ዳር ሳይሆን ሥራው መሀል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ልምምድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ እናትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው እንደ ድራማ ይለማመዱታል። በአንድ ጤና ተቋም እንዲህ ዓይነት ልምምድ ላይ ነበርኩ። አንዷ ባልደረባችን እናት ሆና ተኛች፣ ሰዓት ተያዘ፣ «መድኃኒቱ የት አለ?» ተባለ። የፍሪጁ ቁልፍ ተረኛ ያልሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ነው! ይህን የነገረችን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፦ «ማታ ማታ እንዲህ ሲፈለግ አያለሁ» አለች። ከዚያ በፊት የጠየቃት አልነበረም። በማግስቱ ቁልፉ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ቋሚ ቦታ ተሰጠው። እኔ ቲም ቢልዲንግ የምለው ይህን ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ደቦ ወጥቶ ጎጆ የሠራ ሰው ማን ምሰሶ እንደሚያቆም፣ ማን ሣር እንደሚያቀብል ያውቃል። በንጉሡ ዘመን የጉራጌ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ ያሠራውም በማኅበር ተደራጅቶ ነው። ሰዎቹን ያስተሳሰራቸው ሁሉም የሚፈልጉት ሥራ ነበር።

በመሥሪያ ቤታችሁ እነዚህን ሞክሩ፦

1. ጠዋት 5 ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩ። ዛሬ ማን ምን ይሠራል? ምን ያሰጋናል? አዲስ ሰው ካለ ስሙንና ሥራውን ይናገር።

2. በወር አንድ ጊዜ ክፉ ቀንን ተለማመዱ። ባንክ ከሆናችሁ ሲስተም ቢቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ተማሪ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ ሆቴል ከሆናችሁ ኩሽና ውስጥ እሳት ቢነሣ። ጥበቃውም ጽዳቷም ይሳተፉ።

3. ከልምምዱ በኋላ ቡና ይዛችሁ 10 ደቂቃ ተወያዩ። ምን ጥሩ ሄደ? ምን አደናቀፈን? ምን እንለውጥ? መጀመሪያ ጀማሪው ይናገር፣ አለቃ መጨረሻ። «ማነው ያጠፋው?» የሚል ጥያቄ እዚያ ቦታ የለውም።

4. ከተነሡት ሐሳቦች ቢያንስ አንዱን በዚያው ሳምንት ፈጽሙ። ተናግሮ ለውጥ ያላየ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

5. ሽርሽርም ከሄዳችሁ ጨዋታው ሁሉንም ያካትት። ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጾመኛ ባልደረባ አለ። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለበት ሰው ድንገት ተነሥቶ ገመድ ጉተታ መግባት የለበትም። በግድ አታሳትፉ!

አንድ ማሳሰቢያ ለአለቆች፦ የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ጭናችሁ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አዘግይታችሁ፣ በሽርሽር ለማካካስ አትሞክሩ። ሥራ ያዛለውን ሰው ቲሸርት አያድነውም።

ለሠራተኞች ደግሞ፦ የእንቅልፍ ችግር፣ የማያቋርጥ ጭንቀት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ለሥራም ለቤትም ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ «የሥራ ብስጭት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ለምታምኑት ሰው ነግራችሁ በዚያው ዕለት ሐኪም እዩ።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን ማንም ደፍሮ የማይናገረው ችግር የትኛው ነው? የሰውም የመሥሪያ ቤትም ስም ሳትጠሩ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ለባልደረቦቻችሁም፣ በተለይ ለአለቃችሁ፣ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም የሥራ ሳምንት!