«ሩሲያ ጠል» ከዜና ክፍሉ ጓዳ

ይህ በመካከላችን ይቅር። ከሞስኮ በሚመጣ መግለጫ ውስጥ «ሩሶፎቢያ» የሚል ቃል ሲገኝ እኛ የውጭ ዜና ተርጓሚዎች ብዙ አንጨነቅም። ሰዓቱ ደርሷላ! «ሩሲያ ጠልነት» ብለን እንለቀዋለን።

ጣጣው «ጠል» ላይ ነው። በእኛ ፖለቲካ «እንትን ጠል» የተባለ ሰው ልደታ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ፍርዱ ያለቀለት ነው። በሩሲያ ባንክ ላይ የተጣለ ማዕቀብና ሩሲያዊ በመሆኑ ብቻ የተሰደበ ተማሪ በዚህ አንድ ቃል ሲጠሩ፣ አድማጩ ሁለቱንም የዘር ጥላቻ አድርጎ ይወስዳቸዋል። የተማሪውስ እውነትም ጥላቻ ነው፤ ማዕቀቡ ግን የመንግሥታት ጠብ ነው። መግለጫ አውጪዎች ደግሞ ሁለቱ ቢቀላቀሉላቸው አይከፋቸውም። መጋቢት 2015 ሞስኮ ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት ስታቀርብ፣ የታሪክ ምሁሩ ቲሞቲ ስናይደር ቃሉ በዩክሬን ለሚፈጸም ወንጀል መሸፈኛ ሆኗል ብሎ በዚያው ተከራከረ። የሚገርመው፣ ገጣሚው ፊዮዶር ቲውቼቭ በ1867 እ.ኤ.አ. ቃሉን በደብዳቤው ሲጽፈው የወቀሰበት የገዛ አገሩን ሰዎች ነበር።

እዚህ ልደታ ቃሉን የሚለጥፉበት ሰው ማግኘት ራሱ ያስቸግራል። ጌጃ ሰፈር አጠገብ ያለው ባልቻ ሆስፒታል የዓድዋውን መድፈኛ ስም ይዞ በ1947 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ቀይ መስቀል የተከፈተ ነው። ከዚያም በፊት፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 እ.ኤ.አ. የመስኮብ ሐኪሞች ቁስለኛ ሊያክሙ መጥተዋል። ግንቦት 15 ቀን 1983 የሌኒን ሐውልት ሲገነደስ ቁጣው በደርግና በደጋፊዎቹ ላይ ነበር፤ ባልቻ ሥራውን ቀጥሏል። ሚያዝያ 2014 ደግሞ በሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ወጣቶች ዩክሬን ሄደን እንዋጋ ብለው ተሰለፉ። ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም አለ እንጂ እነሱስ ቆርጠው ነበር። ፍቅር ይሁን ሥራ ማጣት ለእናንተ ልተወው።

እኔ አሁን «ሞስኮ ሩሲያ ጠልነት ያለችው» ብዬ ነው የምጽፈው፤ ቃሉ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። አርታኢው ግን መስመሩ ረዘመ ብሎ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው «ሞስኮ» እና «ያለችው» የሚሉትን ነው።