ጥይት ሲወደድ ኢላማ በምን ይለመዳል?

የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ (እ.ኤ.አ. 2024) ስልክ የያዘ ሰው ያንን ፎቶ ሳያይ አልቀረም። ተራ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣ በቀኙ ሽጉጥ ዘርግቶ ቆሟል። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል፤ ቱርካዊ ነው፣ 51 ዓመቱ ነበር። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ፣ በድብልቅ ቡድን፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ብር ወሰደ። ሰዉ "ያለ ምንም ዕቃ መጥቶ ሜዳሊያ ይዞ ሄደ" ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ያልነገረን ነገር ግን አለ፦ ዲኬች ለኦሊምፒክ ሲሰለፍ ፓሪስ አምስተኛው ነበር። ዕቃው ቀላል ይሁን እንጂ ልምምዱ የዓመታት ነው።

እኛ አምቦና አካባቢዋ ያለን ሰዎች ደግሞ ነገሩን ገልብጠን ነው የምናየው። መሣሪያ መያዝ ትልቅ ነገር ነው፣ መለማመድ ግን ወሬው እንኳ የለም።

እስቲ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ እንየው። መሣሪያው ቋሚ ወጪ ነው፤ አንዴ ይገዛል፣ አለቀ። ጥይቱ ተለዋዋጭ ወጪ ነው፤ በተኮስክ ቁጥር ትከፍላለህ። ስለዚህ በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ልምምዱን ነው። ውጤቱ ምንድን ነው? መሣሪያ የያዘ ግን መተኮስ የማይችል ሰው። ለዓመታት መሣሪያ አንግቶ በር የጠበቀ፣ ግን ኢላማ ላይ ተኩሶ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ደንግጦ ቃታ ቢስብ ጥይቱ ማንን እንደሚያገኝ ማን ያውቃል? የሳተ ጥይት አየር ላይ አይቀርም። መንገድ ላይ ያለ ልጅ ጋ ይደርሳል።

የሠርግና የለቅሶ ተኩስም እዚሁ ላይ ይነሳል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም ሰው ይገድላል። ገንዘብ ወጥቶበት፣ ምንም ሳያስተምር፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ወጪ ነው። ከዚህ የባሰ ብክነት አላውቅም።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ፣ "የበጋው መብረቅ" የተባሉት፣ የተወለዱት እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ጊንጪ አካባቢ ነው። ጣሊያን ሲገባ በ15 ዓመታቸው ጫካ ገቡ። በዚያ ዘመን አርበኛው ጥይት የሚያገኘው ከሱቅ ሳይሆን በአብዛኛው ከጠላት ማርኮ ነበር። አንዷን ጥይት መሳት ማለት የነገዋን መሣሪያ ማጣት ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ሳያነጣጥር ቃታ አይስብም። ድህነት ራሱ አስተማሪ ሆነ።

የገጠሩ ልጅም ይህን ያውቃል። ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ በነፃ ስለሚያገኝ ቀኑን ሙሉ ይወነጭፋል። እጁ የሚለምደው በብዛት ነው። ዋናው ምስጢር ይሄው ነው፦ አንዱን ሙከራ ርካሽ ካደረግከው ብዙ ትሞክራለህ፣ ብዙ ከሞከርክ ትለምዳለህ።

በሽጉጥ ይህ እንዴት ይሠራል? በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ተኳሾች ያለ ጥይትም ይለማመዳሉ። ኢላማ የሚስተው በአብዛኛው ዓይን ስለደከመ አይደለም፤ ቃታው ሲሳብ እጅ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ይህን ለማረም ጥይት አያስፈልግም። በሥራው ወይም በሕጋዊ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ አምራቹ የሚፈቅድለት ከሆነ፣ እንዲህ ያደርጋል፦

መጀመሪያ መሣሪያውን ባዶ ያደርጋል፣ የጥይት መያዣውን ያወጣል፣ ክፍሉን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ያስቀምጣል። አፈሙዙን ሰው ሊኖር ወደማይችልበት ወፍራም ግድግዳ ያዞራል። ከዚያ አነጣጥሮ ቃታውን በዝግታ ይስባል። አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳትወድቅ ቃታ መሳብ የቆየ ፈተና ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ወጪው ዜሮ ነው። ልጆች ባሉበት ግን በፍጹም፣ በቀልድም ቢሆን አይሞከርም።

መሣሪያ የሌለንስ? መሣሪያ ፍለጋ አንሂድ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ለስፖርት ፈልጌ ነው ማለትም አያድንም። ግን የስፖርቱ መሠረት ያለ ሽጉጥም ይለመዳል። የውድድር የአየር ሽጉጥ ክብደት ከ1 ኪሎ ተኩል አይበልጥም። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፣ ግድግዳ ላይ ያለች ነጥብ ላይ አተኩር፣ ትንፋሽህን አረጋጋ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ክንድህ ይንቀጠቀጣል። በውድድር 60 ጥይት ይተኮሳል፤ ከ10 ሜትር ርቀት የምትፈለገው የመሃል ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት።

"ለኛ አገር አይሆንም" የሚል ካለ ሃንጋሪያዊውን ካሮይ ታካችን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን አጠፋበት። በግራው እንደ አዲስ ተለማመደና በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ በሽጉጥ ወርቅ ወሰደ። የኛው አበበ ቢቂላም ከመኪና አደጋው በኋላ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በቀስት ተወዳድሯል። የማራቶን ጀግና ኢላማን ካልናቀ እኛ ለምን እንንቃለን?

ከጀልዱ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ብር ያመጣው በሩጫ ነው፤ ሩጫ ለመጀመር መንገድ ይበቃል። የአየር ሽጉጥ ስፖርት ከሩጫ ቢወደድም የሚፈልገው አሥር ሜትር አዳራሽ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ትንንሽ እርሳስ፣ የተቆለፈ መሣሪያ ቤትና ኃላፊነት የሚወስድ አሠልጣኝ ነው። ፖሊስ የሚቆጣጠረው፣ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚያስተዳድረው አንድ አዳራሽ አምቦ ላይ ቢከፈት፣ ወጣቱ ስለ መሣሪያ የሚማረው ከሠርግ ተኩስና ከፊልም መሆኑ ይቀራል። መጀመሪያ የሚማረውም መተኮስን ሳይሆን ጣትን ከቃታ ማራቅን ነው።