የቃጠሎ ቁስልን ጥልቀት በሕብረ ሕዋስ ማቅለሚያ ዘዴዎች መለየት

መግቢያ

በቃጠሎ ሕክምና ቀዳሚው ጥያቄ ቁስሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል ወይስ አይድንም የሚለው ነው። የማይድን ከሆነ የሞተውን ቆዳ አስወግዶ በምትኩ ጤናማ ቆዳ መትከል ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ የኢንፌክሽንና የከባድ ጠባሳ አደጋ ይጨምራል፤ ያለ አግባብ ከተደረገ ደግሞ መዳን ይችል የነበረ ቆዳ ይወገዳል። በዓይን ምርመራ ብቻ የሚሰጥ ግምት፣ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች ዘንድ እንኳ፣ ትክክል የሚሆነው ከ60 እስከ 75 በመቶ ያህል መሆኑ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በዚህም ምክንያት የቆዳ ናሙና በማይክሮስኮፕ መመርመር እንደ ማመሳከሪያ ሲያገለግል ቆይቷል።

ቅርጽን የሚያሳዩ ማቅለሚያዎች

ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ኑክሊየስን ሰማያዊ፣ ኮላጅንን ሮዝ ያደርጋሉ። በተቃጠለው ክፍል የኮላጅን ክሮች ተዋሕደው ወጥ መልክ ይይዛሉ፤ የሕዋሳት ኑክሊየሶች ይኮማተራሉ፤ ትናንሽ የደም ሥሮችም ተደፍነው ይታያሉ። በማሰን ትራይክሮም ደግሞ ጤናማው ኮላጅን ሰማያዊ፣ በሙቀት የተበላሸው ቀይ ስለሚሆን ድንበሩ በግልጽ ይለያል።

ሕይወትን የሚያሳዩ ማቅለሚያዎች

ሕዋስ ከሞተ በኋላ ለሰዓታት ቅርጹን ሊጠብቅ ስለሚችል ከላይ የተጠቀሱት ዘዴዎች በመጀመሪያው ቀን ጉዳቱን አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ። ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም በሚመረመርበት ዘዴ ሕያዋን ሕዋሳት ሰማያዊ ሲሆኑ ሙታኑ ቀለም አይይዙም። ፎርማሊን ኢንዛይሙን ስለሚያበላሽ ናሙናው ትኩስ እንዳለ መቀዝቀዝ አለበት። ቪሜንቲን የተባለውን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል መለየት ግን በፎርማሊን በተጠበቀ ናሙናም ይቻላል።

ውጤቱን ስለ መተርጎም

ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1953 እንደገለጸው በሞተው ክፍል ዙሪያ የደም ዝውውሩ የተዳከመ ቀጠና አለ። ይህ ቀጠና በሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ሊያገግም ወይም ሊሞት ስለሚችል የአንድ ቁስል ጥልቀት ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ስለዚህ ናሙናው እስከ ስብ ድረስ የዘለቀ መሆን፣ ከቃጠሎው በኋላ ያለፈው ሰዓትም በመጠየቂያው ላይ መጻፍ ይገባዋል።

ናሙናው ትንሽ በመሆኑ መላውን ቁስል አይወክልም፤ ጠባሳም ይተዋል፤ ውጤቱም ይዘገያል። በመሆኑም ዘዴው በየዕለቱ ሥራ የዓይን ምርመራን የሚተካ ሳይሆን፣ እንደ ሌዘር ዶፕለር ያሉ መሣሪያዎች የሚመዘኑበት ነው። የላቦራቶሪ ውጤት የደረሰው ባለሙያ «ጥልቀቱ ስንት ነው» ከማለቱ አስቀድሞ «በየትኛው ማቅለሚያ፣ በስንተኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ቦታ» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።