የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ስለ ባሮ ውኃና ስለ ኬሚስትሪ ጥበብ

ውኃ የቤት ሥራ ሁሉ መጀመሪያ ነው። እሳት ሳይነድ፥ ሊጥ ሳይቦካ፥ ሕፃን ሳይታጠብ፥ ለእንግዳም ምግብ ሳይቀርብለት አስቀድሞ ውኃ ይቀዳል። ነገር ግን ውኃውን ከመቅዳት ይልቅ የተቀዳው ውኃ በውስጡ ምን እንደ ያዘ ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ውኃ እንዴት እንደሚጠራና እንዴት እንደሚነጻ፥ የዘመናችንም የኬሚስትሪ ሊቃውንት በዚሁ ነገር ምን አዲስ ጥበብ እንዳገኙ ለአንባብያን ጥቂት ልናስረዳ አሰብን። ምሳሌያችንንም ከባሮ ወንዝ ዳርቻ፥ ከጋምቤላ አገር እንወስዳለን።

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው የሚሆኑት ታላቅ ወንዝ ነው። በጋምቤላ ከተማና በኢታንግ በኩል አልፎ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ስሙ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በዚህ ወንዝ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ ስለ ተፈቀደ፥ በክረምት ወራት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ እየደረሱ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ለነጋዴው መርከብ ያመጣለት የነበረው ይኸው የክረምት ሙላት ግን ለቤት እመቤት ችግርን ያመጣባታል። ወንዙ የደጋውን አፈር ጠርጎ ስለሚወርድ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከጭቃውም ጋር የሰውና የከብት እድፍ ይቀላቀልበታል። በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል በደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ ባሉት ወረዳዎች ኮሌራ ገብቶ የሰው ሕይወት ማጥፋቱ ነገሩ የተድላ ወሬ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል።

ድፍርስ ውኃ ስለ ምን ቶሎ በራሱ አይጠራም? የሚል ቢኖር ምክንያቱ ይህ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው የሸክላ አፈር እጅግ የደቀቀ ነው፤ እያንዳንዱም ደቃቅ በላዩ ኔጋቲቭ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ኀይል ይዟል። አንድ ዓይነት ኀይል የያዙ ነገሮች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ እንጂ አይቀራረቡም። ስለዚህ ደቃቁ አፈር እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ተራርቆ በውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ይሰነብታል። አሉም የሚባለው ጨው መሰል ነገር በተጨመረበት ጊዜ ግን በውስጡ ያለው አሉሚኒዩም የተባለው ማዕድን ፖዘቲቭ የሚባለው ተቃራኒ ኀይል ስላለው እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይሆናል። ደቃቁ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ተያይዞም ይከብዳል፤ ከብዶም ወደ እንስራው ግርጌ ይዘቅጣል።

ይህን ሥራ አሉም ሳይገዙ የሚሠሩ ሰዎች ኖረዋል። የባሮ ውኃ በሚወርድበት በሱዳን አገር በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች ሞሪንጋ የተባለውን ዛፍ ዘር ወቅጠው ከድፍርስ ውኃ ጋር በማማሰል ውኃውን ያጠሩ ነበር። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ጃን የተባሉ ተመራማሪ ሴት ይህን የባልትና ጥበብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መርምረው በመጻፍ ለዓለም አስታወቁ። በእኛም አገር በኮንሶና በጋሞ ሽፈራው እየተባለ በየደጁ የሚተከለው፥ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው ዛፍ የዚያው የሞሪንጋ ወገን ነው፤ የእርሱም ዘር ውኃ ያጠራል። ሊቃውንቱ ከጊዜ በኋላ ዘሩን በዝርዝር ሲመረምሩ በውስጡ ፖዘቲቭ ኀይል የያዘ ፕሮቲን አገኙ። አሉም የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው ይህ ፕሮቲን ነው። ከዚህም በላይ የጀርሞችን ቆዳ እያቀለጠና እያጣበቀ እንደሚገድላቸው በአሜሪካ አገር በተደረገ ምርምር ታውቋል። ከዘሩ የሚቀረው ትርፍ ነገር ግን በውኃው ውስጥ ከዋለ ካደረ ይበሰብሳልና፥ በዘር የጠራ ውኃ ሳይቈይ ሊጠጣ ይገባዋል። ይህንን ጉድለት ለማስቀረት የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በፈረንጆች 2012 ዓመት ፕሮቲኑን በአሸዋ ላይ አጣብቀው ትርፉን አጥበው በማስወገድ፥ ጀርምን የሚገድል አሸዋ ለመሥራት እንደሚቻል ገልጠዋል።

እንግዲህ ውኃው በአሉም ወይም በዘር ጠርቶ የእንስራው ግርጌ ቢታይ ሥራው አለቀን? አላለቀም። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በወንዝ ስለሚሻገር ሰው ቢሆንም፥ ለጠራ ውኃም ይስማማል። ጭቃው በዓይን ይታያል፤ የኮሌራ ጀርም ግን አይታይም። በጋምቤላ ክልል በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ብዙ ሰው ያሠቃየው ጊኒ ዎርም የተባለው ትልም እንዲሁ ነው። የትሉ ልጆች በኩሬ ውኃ ውስጥ በሚኖር በዓይን በጭንቅ በሚታይ ነፍሳት ሆድ ተሸሽገው ከውኃው ጋር ይጠጣሉ፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ክንድ የሚያህል ትል ሆነው የሰውየውን እግር አቍስለው ይወጣሉ። ለዚህ በሽታ ፈዋሽ መድኀኒትም መከላከያ ክትባትም የለውም። ቢሆንም በፈረንጆች 1986 ዓመት በዓለም ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ይገመት የነበረው የሕመምተኛ ቍጥር በ2024 ወደ 15 ወርዷል። ይህ ድል የተገኘው ውኃን በጨርቅ በማጥለል፥ ቍስለኛው ወደ ኩሬ እንዳይገባ በመጠበቅ፥ በኩሬውም ቴሜፎስ የተባለውን ነፍሳት የሚገድል መድኀኒት በመጨመር ነው። አንዲት እናት በእንስራዋ አፍ ላይ የምትዘረጋው ጨርቅ ሐኪሞች በመድኀኒት ያልቻሉትን ሠራ ማለት ነው።

የማይታየውን ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ነው። የአሜሪካ ከተማ ጀርሲ ሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ለሕዝብ በምታድለው ውኃ ክሎሪን ዘወትር መጨመር ከጀመረች ወዲህ፥ ይህ ልማድ በዓለም ከተሞች ተስፋፍቶ እጅግ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። በአገራችንም ውኃ አጋር የተባለው ፈሳሽ ክሎሪን ለቤት አገልግሎት ሲሸጥ ኖሯል፤ ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት ደግሞ ጭቃውን ማዝቀጡንና ጀርሙን መግደሉን ባንድነት ይሠራል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንባብያን አጥብቀው እንዲያስተውሉ የምንሻው አንድ ነገር አለ። ክሎሪን ጀርምን ከጭቃ ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን እድፍ ሁሉ ይዋጋል። በድፍርስ ውኃ ቢጨምሩት ኀይሉን በእድፉ ላይ ጨርሶ ለጀርሙ ሳይተርፍ ይቀራል። ስለዚህ የሥራው ተራ ሊፋለስ አይገባውም፤ አስቀድሞ ማጥራት፥ ቀጥሎ ማጥለል፥ ከዚያ በኋላ ክሎሪን መጨመርና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ክሎሪን የታጣ እንደ ሆነ ውኃውን እስኪንተከተክ ማፍላት ይገባል።

ይሁን እንጂ ማፍላትም የማያስወግደው ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ አገሮች ከጥልቅ ጕድጓድ የሚወጣው ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ ሆኖ ሳለ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ስለሚበዛበት፥ የልጆችን ጥርስ ያጠቍራል፤ ብዙ ዘመን ሲጠጣም አጥንትን ያጣምማል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። ይህን ውኃ ቢያፈሉት ውኃው ይተናል እንጂ ፍሎራይዱ አይቀንስም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከአሉሚኒዩም የተሠራ ፍሎራይድን ለይቶ የሚይዝ ነገር በመመርመር ብዙ ደክመዋል። ለእያንዳንዱ የማይታይ ጠላት እርሱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ወጥመድ መሥራት የዛሬው ኬሚስትሪ ዋና ሐሳብ ሆኗልና፥ ድካማቸው ከዓለም ሊቃውንት ሥራ ጋር አንድ ነው።

በዚህ ሐሳብ እጅግ የገፉት ሦስት ሊቃውንት መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የኬሚስትሪው የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጣቸው ተነገረ። እነርሱም በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋ፥ በአውስትራልያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሮብሰን፥ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊው ዑመር ያጊ ናቸው። የሠሩትንም በጎጆ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ጎጆ የሚሠራ ሰው ምሰሶና ማገር አቁሞ ሲያጋጥም በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሰው የሚኖረው በባዶው ነው። እነዚህም ሊቃውንት የማዕድን አቶሞችን መጋጠሚያ፥ የካርቦን ሞለኪዩሎችን ማገር አድርገው በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ክፍሎች ያሉት ነገር ሠሩ። ሮብሰን የመጀመሪያውን በፈረንጆች 1989 ዓመት ገለጠ፤ እርሱ ግን በቶሎ የሚፈርስ ነበር። ኪታጋዋ በክፍሎቹ ውስጥ አየር ሊገባና ሊወጣ እንደሚችል አሳየ፤ ያጊም በ1999 እጅግ የጸና ሠራ። የዚህ ነገር ጥቂት ግራም በውስጡ ያለው ገጽ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ክፍሎቹም እንደ ተሠሩበት ሐሳብ አንዱ መርዝን ከውኃ ይለያል፤ ሌላውም በምድረ በዳ ሌሊት ከአየር ላይ እርጥበት ሰብስቦ ፀሐይ ስትሞቅ ጠጪ ውኃ አድርጎ ይመልሳል። ይህም በአሪዞና በረሃ ተሞክሮ ታይቷል።

የዑመር ያጊ ታሪክ ለቤተ ሰብ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። የተወለደው በዮርዳኖስ ከተማ በዐማን ከስደተኞች ወገን ነው፤ ወላጆቹ ማንበብና መጻፍ በጭንቅ የሚችሉ ነበሩ፤ ብዙ ሆነውም ከከብቶቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ውኃም በየቀኑ አይመጣላቸውም ነበር። በልጅነቱ ውኃን ሲጠብቅ ያደገው ሰው ዐድጎ ከአየር ላይ ውኃ የሚቀዳበትን ብልሃት ለዓለም ሰጠ። ዛሬ በባሮ ዳርቻ በኩሌና በቲርኪዲ በስደተኞች ሰፈር ያሉ ልጆች፥ በኢታንግና በጋምቤላም ያሉ የአኙዋና የኑዌር ልጆች በዚያው ዓይነት ኑሮ ያድጋሉ። ከእነርሱ መካከል ማን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን በተቅማጥ የሞተ ሕፃን ሊቅ እንደማይሆን እናውቃለን።

ይህ አዲስ ነገር ገና ወደ ተራው ሰው ቤት አልገባም። ይሁን እንጂ እስኪመጣ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ዘንድ አይገባም። በኢታንግ ከባሮ ዳር ከተቆፈሩት ጕድጓዶች የሚቀዳው ውኃ በቧንቧ ለስደተኛውም ለአገሬውም ሰው በአንድነት መታደሉ በማሰብና በመተባበር ምን ሊሠራ እንደሚቻል ያሳያል። በየወረዳው በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባብያን ክሎሪኑና ማጣሪያው ጨርቅ ክረምቱ ሳይገባ አስቀድሞ ወደ መንደሩ እንዲደርስ ብታስቡ፥ መንገድ ከተቈረጠ በኋላ ከሚላክ ብዙ መድኀኒት ይበልጣል። የቤት እመቤቶችም ሦስቱን ነገር አትርሱ፤ የጠራውን አጥልሉ፥ ያጠለላችሁትን በክሎሪን ወይም በእሳት አንጹ፥ የነጻውንም አፉ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ እንጂ እጅና ጣሳ እየነከራችሁ መልሳችሁ አታሳድፉት። ውኃው ከጠራ በኋላ ሥራው እኩሌታው እንደ ቀረ ያወቀች እናት ቤተ ሰብዋን ከብዙ ሐዘን ታድናለች።