የዐይን ቆብ ሲከብድ ደረትም ይታይ



አንዲት ወጣት ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ቀኑ ሲገፋ ግን የዐይኗ ቆብ ይወርድባታል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። እራት ላይ ማኘክ ያቅታታል፤ ቁርኣን ስትቀራ ገጹ ሳያልቅ ድምፅዋ ይሰልላል። አረፍ ስትል ይሻላታል። ቤተሰብ «ስንፍና ነው»፣ «የሰው ዐይን ነው» ይላል። ሐኪሞች ግን ማያስቴኒያ ግራቪስ ይሉታል።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ በጡንቻው ላይ ያሉትን መልእክት ተቀባዮች ያጠቃል። ትእዛዙ በሚገባ ስለማይደርስ ጡንቻው ቶሎ ይዝላል።

ታዲያ ደረትን ምን አገናኘው? ከፍርምባ አጥንት ኋላ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። የመከላከያ ሴሎች የራስን አካል ከባዕድ መለየት የሚማሩት እዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲታወክ ተማሪው የገዛ ቤቱን ይመታል። ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ታይመስ ላይ ታይሞማ የተባለ እባጭ ይገኛል። ታይሞማ ካለባቸው ሰዎችም ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይህ በሽታ ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ብላሎክ ከአንዲት ወጣት ታይመስ እባጭ ቢያወጣ ድካሟ ቀለለ። በ2016 የታተመ፣ 126 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ እባጭ ለሌላቸውም ቢሆን ታይመስን ማውጣት እንደሚረዳ አሳየ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ባለሙያዎቹ ዛሬም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እዚህ ሐዋሳም ሆነ በገጠር ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ወላጅና መምህር ነው። በሽታው ከታወቀ «ደረቷስ በሲቲ ስካን ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ታይሞማ ብዙውን ጊዜ በዝግታ ቢያድግም ወደ ሳንባ ሽፋን ሊዛመት ስለሚችል በቀዶ ጥገና ይወጣል። ለውጡ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃልና መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቋረጥም።

ፓይሪዶስቲግሚን የተባለው መድኃኒት በየጥቂት ሰዓቱ ይወሰዳል። በረመዳን እሱን ማቋረጥ መዋጥንና መተንፈስን አደጋ ላይ ይጥላል። አላህ ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ከጾሙ በፊት ሐኪምንም ዓሊምንም አማክሩ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።